አልሰማሁም ማለት ያቃተው ሣጥን

በዚህ አገር «አልገባኝም» የምትለዋን ቃል አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የምታገኙት ገበያ ውስጥ ነው። በሬ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ነገሩ ካልገባው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ የጠየቀውን ደግሞ ይጠይቃል፤ ሻጩ ቢሰለቸው ደንታው አይደለም። እኛ ዲግሪ የያዝነው ግን አዳራሽ ገብተን ወንበር ከያዝን በኋላ ይቺ ቃል ጉሮሯችን ላይ ትቀራለች። በእሷ ፋንታ አንገታችን ይናገራል። ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። መድረክ ላይ የቆመው ሰው የማናውቀውን ነገር ሲያወራ ግማሾቻችን ምሳ መቼ ነው እያልን አንገታችንን እንወዘውዛለን፤ የቀረነው ደግሞ ግማሾቹ ሲወዘውዙ ስላየን እንወዘውዛለን። በዚህ መንገድ ስንት ነገር እንደጸደቀ እናንተም ታውቃላችሁ። ምናልባት እናንተም ወዝውዛችኋል።

እኔ ወዝውዣለሁ። ይህንን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም የሚጀምረው ከሌላ ሰው ሳይሆን ከገዛ አንገቴ ነው። የከፋው ደግሞ፣ የወዘወዝኩት ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ገብቶኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ወደ ከተማችን አዲስ ቃል ሲመጣ አዳራሽ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ ማለት ነው። ቃል እኛ ዘንድ የሚመጣው እንደማንኛውም መንገደኛ ነው፤ አባይን ይሻገራል፣ የደጀንን ዳገት ይወጣል፣ ማርቆስ ሲደርስ ግን እንደ መንገደኛ አይደክመውም፤ ባነር ላይ ተጽፎ ተሰቅሎ ይጠብቀናል። ያን ጊዜ የመጣው ቃል «ብሎክቼይን» ነበር። ይዞት የመጣው ዳግም የሚባል፣ በለጋሾች ገንዘብ የሚካሄድ ፕሮጀክት ወጣት አስተባባሪ ነው። ዳግም ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ «ክፉ ሰው መጣብን» ብለን እናልፈው ነበር። ትሑት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

ያመጣው ሐሳብም በመነሻው መጥፎ አልነበረም። ከደምበጫ ወጣ ብሎ አንድ የዘር አባዥ ገበሬዎች ማኅበር አለ። ምርጥ ዘር ተብሎ የተከፋፈለ በቆሎ አንዳንድ ዓመት ሳይበቅል ይቀራል። የዘራው ገበሬ ማኅበሩን ይወቅሳል፣ ማኅበሩ አጓጓዡን፣ አጓጓዡ መጋዘኑን፣ መጋዘኑ ዝናቡን። ዝናቡ ስብሰባ ስለማይጠራ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ማንም ሊፍቀው፣ ማንም ሊደልዘው የማይችል መዝገብ ቢኖር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለይ ነበር። ብሎክቼይን ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፤ የአንድ መዝገብ ቅጂ ብዙ ቦታ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ገጽ ካለፈው ገጽ ጋር እንደ ሰንሰለት ስለሚያያዝ ከመሐል አንዱን ገንጥሎ በሌላ መተካት አይቻልም። የተጻፈ ተጻፈ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች ይተከሉና የለኩት ሁሉ እዚህ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እኔ የተጠራሁት ሴንሰሮቹን እንድነድፍ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ቁጣዬ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሴንሰሯ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። የምትኖረው ጣት በሚያካክሉ ሁለት ባትሪ ድንጋዮች ነው። የማሰብ አቅሟ ሱቅ ውስጥ ከምታዩት የሒሳብ ማሽን ብዙም አይርቅም። ያንን ሁሉ ሰንሰለት ተሸከሚ ብትሏት በሳምንቷ ትሞታለች። ስለዚህ አነዳደፏ እንዲህ ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ በየሰዓቱ ብድግ ትላለች፣ ለክታ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ትልቅ ሣጥን ሹክ ትልና ተመልሳ ትተኛለች። ሣጥኑ መብራትም ሲም ካርድም ስላለው እሷን ወክሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ጥሩ ነው። ግን ማንም ሰው፣ ተማሪዎቼም ሳይቀሩ፣ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ሴንሰሯ ዝም ያለች እንደሆነ ሣጥኑ ምን ብሎ ይጽፋል?

«አልሰማሁም» ብሎ ይጻፋ! ሌላ ምን ሊል ነው? እኔም እንደዚያ አድርጌ ሠራሁት። በመጀመሪያው የሙከራ ሳምንት ኔትወርኩም እየተቋረጠ፣ ሴንሰሮቹም ቦታቸውን እስኪለምዱ፣ የዳግም ስክሪን ቀይ ቀይ መሥመር ሞላው። እያንዳንዷ ቀይ መሥመር አንድ «አልሰማሁም» ናት። ዳግም አየና ፊቱ ጨለመ።

«መምህር፣ ይህን ለለጋሾቹ እንዴት ነው የማሳየው? የተበላሸ ነው የሚመስለው።»

«የተበላሸ ሳይሆን እውነተኛ ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል። ግን ለጊዜው፣ ሴንሰሯ ካልመለሰች መጨረሻ ያለችውን ይድገመው። አንድ ሰዓት ላይ ከሰማው ሁለት ሰዓት ላይ ያው ነው፤ አየሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የት ይሄዳል?»

አንድ ሰዓት እውነት ነው። አንድ ወርስ? ይህን ኢሜይል ላይ ጻፍኩለት፤ ሁለት መሥመር። አልመለሰልኝም። እኔም አልደገምኩም፤ ሣጥኑን እንዳለው አድርጌ ቀየርኩት። በርክክቡ ቀን ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ አዳራሹ አጨበጨበ። ወረቀት ቀረበልኝ፤ «የተሠራው በትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። አንገቴ ከላይ ወደ ታች አለ። እጄ ፈረመ።

አሁን ወደ እትየ ይታይሽ ልውሰዳችሁ።

እትየ ይታይሽ የዚያ ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው የሚታጠቁ ሴት ናቸው። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት ማኅበሩ ከተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ ነው። እህል የሚያውቁት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ አስገብተው ነው፤ መሐሉ ይሞቅ ይቀዝቅዝ በዚያ ይለያሉ። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብሩና ድምፁን ይሰማሉ፤ ቀጭ ካለ ደረቅ ነው። ሴንሰሮቹን የሰቀልን ዕለት መሰላሉን ይዘውልን ቆመው ነበር። ሁሉንም ካዩ በኋላ ዳግምን ጠየቁት፤

«ይቺ ነገር የታመመች እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አትታመምም እናቴ» አላቸው ዳግም በትሕትና።

ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ወዘወዝኩ። ከላይ ወደ ታች።

አዲሱ መዝገብ አዲስ ደንብ ይዞ መጣ። የእያንዳንዱ ጆንያ ቦታ ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ ክምር ማንቀሳቀስ ክልክል ሆነ። ቀድሞ እትየ ይታይሽ አንድ ክምር ካልጣማቸው ሁለት ወዛደር ጠርተው ደጅ ያሰጡት ነበር፤ ለማንም አያስፈቅዱም። አሁን በየማለዳው ስክሪኑን አይተው ሁሉም አረንጓዴ መሆኑን ማረጋገጥ ሥራቸው ሆነ። ማረጋገጥ ማለት ማየት ነው። ማየት ማለት ደግሞ ማመን ነው ተባለ።

ሚያዝያ ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። ከዝናቡ በኋላ እትየ ይታይሽ በምዕራብ በኩል ባለው ጥግ ሲያልፉ የሻገተ ነገር ሸተታቸው። ቀና ቢሉ ቆርቆሮው የተመታበት አንድ ምስማር ላልቷል፤ ግድግዳው ላይ የውኃ መሥመር አለ። እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተቱ። ይሞቃል። ቀጥ ብለው ወደ ሊቀመንበሩ ወደ አቶ ጥሩነህ ሄዱ። አቶ ጥሩነህ ስልኩን አወጣ።

«ደረቅ ነው ይላል እኮ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ይኸው፣ የዚያ ጥግ፣ ሦስተኛዋ ሴንሰር። አረንጓዴ ናት።»

«ስልክህ አፍንጫ አለው?» አሉት።

አቶ ጥሩነህ ሳቀ። ክምሩ እንዲነሣ ግን አልፈቀደም፤ ከነቦታው ተመዝግቧል፣ ለጋሾቹ ሊጎበኙ ነው፣ ከተነካ መዝገቡ ይዛባል። እትየ ይታይሽ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ የለም። ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። «በሲስተሙ መሠረት የተጠቀሰው ችግር የለም» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ሃምሳ ፍሬ በቆሎ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉና ቤታቸው አስቀመጡት። በሳምንቱ ሲፈቱት የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረው ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። ያንን ጨርቅ እንዳለ ይዘው ሄደው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። አቶ ጥሩነህ አፍንጫውን ያዘ። «እትየ ይታይሽ፣ ጨርቅ ማስረጃ አይሆንም» አላቸው። እስኪ ይታያችሁ፤ ዘር መብቀል አለመብቀሉን ለማወቅ የተዘራው ዘር ማስረጃ አይሆንም! ማስረጃ የሚሆነው እኔ የነደፍኩት የክብሪት ቀፎ ነው።

ግንቦት ላይ ዘሩ ሊከፋፈል መጋዘኑ ተከፈተ። ገበሬዎች ከየቀበሌው አህያና ጋሪ ይዘው ተሰልፈዋል። የምዕራቡ ጥግ ክምር ሲነሣ ጆንያዎቹ ከሥር አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሰዋል፤ አንዱ ሲቀደድ እንፋሎት ወጣ። ሁለት ክምር ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ዘር ለመውሰድ የመጣው ሰው ባዶ ጋሪውን እየነዳ ተመለሰ። የታረሰ መሬት እየጠበቀው፣ ዝናቡ እየጀመረ፣ ባዶ ጋሪ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ባለሙያ ተብዬ ከማርቆስ ተጠራሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ የማስበው የጣሪያውን ምስማር ነበር። ስደርስ ግን ስለ ጣሪያ የሚያወራ የለም። ነገሩ አስቀድሞ ተጠናቋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ መዝገቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘሩ ደረቅ ነበር ይላል። መዝገቡ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ዘሩ ደረቅ ነበር። ደረቅ ዘር ደግሞ አይሻግትም። ስለዚህ ይህ የሻገተው ዘር ያ ዘር አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ደህናውን አውጥቶ የተበላሸውን አስገብቷል። ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ዞረው አዩ። እትየ ይታይሽ ጥግ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

አቶ ጥሩነህ እኔን ጠየቀኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን። ይህ መዝገብ ሊሰረዝ ሊደለዝ ይችላል?»

«አይችልም፤ ነገር ግን...»

«አመሰግናለሁ።»

«አቶ ጥሩነህ፣ አልጨረስኩም። ሊለወጥ አይችልም ማለት ትክክል ነው ማለት አይ...»

«መምህር፣ ጥያቄው ተመልሷል። ጊዜ የለንም።»

እዚህ ላይ መጮኽ ነበረብኝ። ጠረጴዛ መምታት ነበረብኝ። ይልቅ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ቁጭ አልኩ። ዳግም ከጎኔ በዝግታ «ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ለእነሱ በዝርዝር ያስረዳሉ» አለኝ። እትየ ይታይሽ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ፈተው እንደገና አጠበቁና ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ፖሊስ ገና ቃላቸውን ሳይቀበል፣ በሁለቱ ክምሮች ስም መዝገቡ ላይ አንድ መሥመር ተጻፈ። «የመጋዘን ኃላፊዋ ይታይሽ ዘሩን በመቀየራቸው የተወገደ።» ጆንያው ላይ የተለጠፈችውን፣ «ኪውአር ኮድ» የሚሏትን ዝንጉርጉር ምልክት በስልኩ ያነሣ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ደምበጫ ገበያ ውስጥ ደግሞ ስልክ የሌለው ሰው ስልክ ያለው ጎረቤት አያጣም።

በሳምንቱ ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው ጠራኝ። ሴትዮ ይፈልጉሃል አለኝ። እትየ ይታይሽ ናቸው፤ ከደምበጫ በማለዳው መኪና መጥተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሁልጊዜ «መምህር፣ እርስዎ» ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን አንተ አሉኝ።

«አንተ ሰው፣ ፈሪ ነህ ወይስ ውሸታም? አንዱን ንገረኝና ልሂድ።»

«ፈሪ ነኝ» አልኳቸው።

«ከውሸታም ይሻላል፤ ፈሪ ይመከራል» ብለው ከነጠላቸው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። በየማለዳው ስክሪኑን እንዲያዩ ታዘው አልነበር? አይተው ዝም አላሉም። የአምስቱንም ሴንሰር የእርጥበት ቁጥር በእጃቸው በቀን በቀኑ ገልብጠዋል። የአራቱ ሴንሰሮች ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። ሦስተኛዋ ግን ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ሃምሳ ሁለት ነጥብ አራት ትላለች። በማግስቱም ሃምሳ ሁለት ነጥብ አራት። ገጹን ገለጡልኝ። ሃምሳ ሁለት ነጥብ አራት ከላይ እስከ ታች። ሌላ ገጽ። እንደገና ያው።

«እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት» አሉ። «ግን አየር እንዲህ ይቆማል? ፀሐይ ሲወጣም ያው፣ ዝናብ ሲዘንብም ያው፣ ፋሲካም አልፎ ያው? ይህ እኮ በሕይወት ያለ ነገር አይደለም። የሞተ ሰው ትንፋሽ ነው የምታስለኩኝ።»

ደብተሩን ይዤ በዚያ ዘበኛ ቤት ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ። ሁለት ዲግሪ አለኝ። ስክሪኑን ማርቆስ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ መክፈት እችል ነበር። አንድም ቀን ቁጥሮቹን ወደ ታች አላነበብኳቸውም፤ አረንጓዴውን ብቻ አይቼ ነው የዘጋሁት።

በዚያው ቀን አብረን ወደ ደምበጫ ሄድን። መሰላል አስመጣሁና ሦስተኛዋን ሴንሰር ከግድግዳው ነቀልኳት። ክዳኗን ስከፍተው ባትሪ ድንጋዮቹ አብጠው አረንጓዴ ዱቄት አውጥተዋል። ከመጀመሪያውም ደካማ ድንጋዮች ሳይሆኑ አይቀሩም። ምንም ሆነ ምን፣ ሞታለች። ከሞተች ሁለት ወር አልፏታል። ሣጥኑ ግን በየሰዓቱ፣ ሳይሰለች፣ ሳያፍር፣ «ሃምሳ ሁለት ነጥብ አራት አለችኝ» እያለ ሲጽፍ ከርሟል። እያንዳንዱን ውሸት ደግሞ ማንም እንዳይነካው አድርጎ አስሮታል።

ሁለተኛ ስብሰባ እንዲጠራ አደረግሁ። በዚህኛው አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው የተናገርኩት። የሞተችውን ሴንሰር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ደብተሩን ዘረጋሁ፣ የራሴን ኢሜይልም አነበብኩ፣ ፊርማዬንም አሳየሁ። አቶ ጥሩነህ ደብተሩን ደጋግሞ አገላበጠ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ሰውዬው ያፈረ መሰለኝ፤ አፍሮም ከሆነ ጥሩ ነው። ዳግም ግን እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ለማስተካከል ያህል፤ ሲስተሙ አልተሳሳተም። የደረሰውን መረጃ በትክክል መዝግቧል።»

«ምንም አልደረሰውም!» ብዬ ጮኽሁ። መስኮቱ ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩ ገበሬዎች ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ። «ዳግም፣ ምንም አልደረሰውም! ምንም ሳይደርሰው ደረሰኝ እንዲል ያዘዝነው እኛ ነን። አንተ ጠየቅህ፣ እኔ ሠራሁ። አንዲት ትንሽ መሣሪያ አቅሟ አለቀና ሞተች፤ ይህ ጥፋት አይደለም፤ ትንሽ መሣሪያ ትሞታለች። ጥፋቱ መሞቷን የደበቅነው ላይ ነው። ለመሆኑ አንድ መጋዘን፣ አንድ ቁልፍና አንድ ሊቀመንበር ላለው ማኅበር ይህ ሁሉ ሰንሰለት ለምን አስፈለገ? ምስማር የሚመታ ሰው ነበር የሚያስፈልገው!»

ዳግም እጁን አወረደ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ እትየ ይታይሽን አያቸው፤ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ አቀረቀረ። እኔ የምጠላው ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ።

እትየ ይታይሽ ነጻ ወጡ። ፖሊስ የምርመራ መዝገቡን ዘጋ፣ ቁልፎቹ ተመለሱላቸው። ቆርቆሮው በግማሽ ቀን ተመታ። ሁለቱ ክምር ግን አልተመለሰም፤ ባዶ ጋሪ ይዘው የሄዱት ገበሬዎች አንዳንዶቹ ከዘመድ ለምነው ያገኙትን አሮጌ ዘር ዘሩ፣ አንዳንዶቹ በቆሎውን ትተው የጤፍ መዝሪያ ጊዜ እስኪደርስ ጠበቁ። ከእነዚህ አንዱ፣ እትየ ይታይሽ ለዓመታት ዘር መዝነው የሰጡት ሰው፣ በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ ሰላም ሳይላቸው አልፎ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ቃል ከመስጠታቸው ይልቅ ይህ እንደቆረቆራቸው ነገሩኝ።

ቀጥሎ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ያቺን መሥመር ሰርዙልኝ።»

አይሰረዝም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የሠራነው እኮ እንዳይሰረዝ ነው። የሚቻለው ከሥሩ ማረሚያ መጨመር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መሥመር ከነስማቸው እዚያው ይኖራል። የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ቆመው ሰሙኝ።

«እሺ፤ ከሥሩ ምን ብላችሁ ነው የምትጨምሩት?»

ዳግም ያዘጋጀውን አነበብኩላቸው፤ «በቴክኒክ ምክንያት የተፈጠረ የመረጃ ክፍተት መኖሩ ተረጋግጧል።»

«ቴክኒክ ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» አሉ። «እኔ ሌባ ስባል በስሜ ነው። ጥፋቱ የናንተ ሲሆን ስም የለውም?»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ዳግም በስልክ እየደጋገመ ይደውላል፤ አላነሣሁም። በንዴትና በችኮላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሴንሰሯ ሞታ ነበር፤ ሣጥኑ ያልሰማውን እንደሰማ አድርጎ እንዲጽፍ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመጋዘን ኃላፊዋ ይታይሽ አስቀድመው ተናግረው የሰማቸው የለም። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጨመርኩ። ሳላነበው ላክሁት። በደቂቃ ውስጥ ማንም ሊነካው በማይችልበት ቦታ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ፤ ከኮሌጁ ዲን የሚጠብቀኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ራሱ ግድ አልሰጠኝም።

እትየ ይታይሽ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡ። አንዴ አነበቡ፤ ተመልሰው ደግሞ አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ስሜን ገድፈኸዋል።»

አየሁ። ከመሐል ያለችውን «ይ» ዘልያታለሁ። «የመጋዘን ኃላፊዋ ይታሽ» ይላል። በዚያች ሴት ላይ ከዚያ ሁሉ በኋላ! ወዲያው ሌላ ማረሚያ ልጨምር ብዬ እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ስዘረጋ እጄን ያዙኝ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር፤ ካወቅኋቸው ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ተወው» አሉኝ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «መታሸቱንማ ታሽቻለሁ።»

ቁልፋቸውን አንሥተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።